«መኪና ነው የነዳው»

የሸገር ልጅ፦ ትናንት ማታ የሻርለትን የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ እያየን አንዱ ስለ ብራንደን ሚለር «ይሄ ልጅ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የሆነ ጉድ ነበረበት አይደል?» ሲል፣ ሮል ታይድ «ምን ጉድ አለው፣ መኪና ነው የነዳው» ብሎ ዘጋው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። በነዳው መኪና ውስጥ በነበረ ሽጉጥ ሰው ሞቷል እኮ! የ23 ዓመት ወጣት፣ የአምስት ዓመት ልጅ እናት። ጂፕ ውስጥ እንደተቀመጠች ነው የተመታችው። ጂፑ ሸሽቶ የቆመው የት መሰላችሁ? የዩኒቨርሲቲው ብራያንት ዴኒ ስታዲየም አጠገብ፣ «የሻምፒዮኖች መንገድ» የሚሉት ቦታ። እና «መኪና ነው የነዳው»። እንዴት አፍህን ሞልተህ ትላታለህ?

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ደህና አደርክ ወንድሜ? እውነት ስለሆነች አልኳት። ልጁ አልተከሰሰም። ዩኒቨርሲቲው ያለበት የቱስካሉሳ ምክትል ዐቃቤ ሕጓ ራሷ የምንከሰው ነገር የለም ብላለች። ለፖሊስ የሚያውቀውን የተናገረ ምስክር ነው። የተከሰሱት ሌሎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዳሪየስ ማይልስ የቡድኑ ተጫዋች ነበር፣ እሱን ደግሞ ወዲያው አባረውታል። አንተ ከዐቃቤ ሕግ በላይ ነህ?

የሩት እናት፦ «የምንከሰው ነገር የለም» ማለት «ነገ ማታ ተሰልፎ ይጫወት» ማለት ነው እንዴ? ቀኑን እንቁጠረው እስቲ። ግድያው ጃንዋሪ 15፣ 2023። ማይልስ ሽጉጡን እንዲያመጣለት ለሚለር ቴክስት እንዳደረገ መርማሪው ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረው ፌብሩዋሪ 21። በማግስቱ ሳውዝ ካሮላይና ሜዳ ላይ 41 ነጥብ! የማሸነፊያዋንም ያገባት እሱ። አሰልጣኙ ኔት ኦትስ ደግሞ «በተሳሳተ ሰዓት የተሳሳተ ቦታ ተገኘ» አይነት ነገር ተናገረ። ያቺ እናት ናት የተሳሳተ ቦታ የተገኘችው።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ኦትስ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቋል፤ እሱን ለምን ዘለልሽው?

የሩት እናት፦ አልዘለልኩትም። ይቅርታ ጠይቆ በማግስቱ አሰለፈው። የትኛውን ልመን?

ጋሼ ሾፌሩ፦ እኔ 11 ዓመት ሰው ጭኜ የነዳሁ ሰው ነኝና ስለመንዳት ለእኔ ተዉልኝ። አንዱ ከኋላ ወንበር ላይ የስፖርት ቦርሳ ትቶ ወርዶ ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ባለቤቱን ላገኝ ስከፍተው ጫማና ግማሽ ሳንድዊች። ሽጉጥ ቢሆንስ ኖሮ? ዛሬ እናንተ እዚህ እኔን እየከሰሳችሁ ነበር። የልጁ ጠበቃም ያለው ይህንኑ ነው፦ ሽጉጡ ኋላ ወንበር ላይ ልብስ ሥር ነበር፣ ልጁ አልነካውም፣ መልእክቱ ሲመጣም ማይልስን ሊወስድ መንገድ ጀምሮ ነበር። የመኪናው የፊት መስታወት ራሱ በጥይት ተመቷል። ለጥቂት የተረፈ ልጅ ነው።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ፣ ያ ቦርሳ «ሽጉጤን አምጣልኝ» ብሎ ቴክስት አድርጎልዎት ነበር?

ጋሼ ሾፌሩ፦ እኔ እየነዳሁ ቴክስት አላነብም።

የሸገር ልጅ፦ አሁን ደግሞ አላነበበም ሊሉን ነው? እርስዎ ሾፌር ነዎት ወይስ ሁለተኛ ጠበቃው?

ጋሼ ሾፌሩ፦ ታላቅህን እንዲህ ትናገራለህ? ስለራሴ ነው የተናገርኩት። አንተ ነህ ከእሱ ጋር ያገናኘኸው።

መምህሩ፦ ወደ ቁም ነገሩ ብንመለስ። ቸኩሎ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ 2006። ሦስት የላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት ኳስ) ተጫዋቾች በአስገድዶ መድፈር ተከሰሱ፣ የውድድር ዘመኑ ተሰረዘ፣ አሰልጣኙ ተገፍቶ ለቀቀ። በ2007 ክሱ ተቋረጠ፣ ዐቃቤ ሕጉ ናይፎንግ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2024 ከሳሿ ራሷ ዋሽቼ ነበር አለች። ሌላ ልጨምር፦ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቴረንስ ሻነን። ካንሳስ ውስጥ ተከሰሰ፣ ዩኒቨርሲቲው በዲሴምበር 2023 አገደው፣ የፌዴራል ዳኛ ጃንዋሪ ላይ እንዲመለስ አዘዘ፣ በጁን 2024 የዳኞች ሸንጎ ነጻ አለው። እነዚያን ስድስት ጨዋታዎች ማን ይመልስለታል?

የሩት እናት፦ መምህር፣ ጥሩ አድርገህ ለእኔ መሰከርክልኝ። ሻነን ስድስት ጨዋታ አልተሰለፈም፣ ነጻ ወጣ፣ በዚያው ወር ኤንቢኤ መረጠው። ምን ሆነ? ሞተ? እኔ ሚለር ይታሰር አላልኩም። አንድ ማታ ቁጭ ይበል ነው ያልኩት። አንድ ማታ! ቢያንስ ነገሩ ፍርድ ቤት በተሰማ ማግስት።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ አንድ ማታ ምን ሊፈይድ? ሟቿን ሊያስነሳ? ለታይታ ካልሆነ በቀር።

የሩት እናት፦ አዎ፣ ለታይታ! ሐዘን ቤት ጥቁር የሚለበሰውስ ለማን ነው? ሟቹ ያየዋል?

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ስለዚህ ያላጠፋ ልጅ ለደንቡ ይቀጣ።

የሩት እናት፦ ስለ ደንብ ካነሳህማ። የእኔዋ ሩት በሩጫ ነው ስኮላርሺፕ ያገኘችው። የስነ ምግባር ወረቀቱን አብሬያት ተቀምጬ አንብቤዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለጠዋት ልምምድ ሁለቴ አረፈደች፤ ሁለተኛው አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ውድድር አስቀሯት። ጫማዋን አስራ፣ ቁጥሯን ለጥፋ፣ አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። ክስ የለ፣ መርማሪ የለ። እኔም እሰይ አልኩ፣ ትማርበት። ለአሥር ደቂቃ አንድ ውድድር ካስቀጣ፣ ለዚህኛው አንድ ማታ በዛበት?

አልፎ ሂያጅ፦ የሩት ጥፋት በሁለት ሜትር ከአምስት አለመወለዷ ነው 😂

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ማርፈድ ሕግ መጣስ ነው፣ መንዳት ግን ሕግ መጣስ አይደለም። ደጋግሜ ልበለው፦ መኪና ነው የነዳው።

የሸገር ልጅ፦ ይኸው መጣች ደግሞ!

አልፎ ሂያጅ፦ ፍተሻውንስ ረሳችሁት? ከሳውዝ ካሮላይናው ጨዋታ ሦስት ቀን በኋላ፣ ከአርካንሶ ጋር። ሚለር ስሙ ተጠርቶ ሲገባ የቡድን ጓደኛው እጁን አስዘርግቶ ወገቡን ዳበሰው። የዓመቱ ልማዳቸው ነው፣ አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት እንደሚፈተሹት ነው አሉ። እሺ ልማድ ይሁን። በዚያ ሳምንት ከዚያ ሁሉ ሰው «ዛሬ እንኳ ይቅር» የሚል አንድ ሽማግሌ ይጥፋ?

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ እሷ ስህተት ነበረች። ኦትስም ከዚህ በኋላ አትደገምም ብሏል።

መምህሩ፦ ይህን ካመንክ እኮ ግማሹን አመንክ።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ስለ ፍተሻው ዳንኪራ አመንኩ። ስለ ልጁ አላመንኩም።

የሸገር ልጅ፦ የእናንተ ችግር አንድ ልጅ ላይ መንጠልጠላችሁ ነው። ነገሩ የአሰልጣኞቹ ነው። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ፣ 2003፣ ቅርጫት ኳስ። ፓትሪክ ዴኔሂን የገደለው የቡድን ጓደኛው ነው፣ 35 ዓመት ተፈርዶበታል። አሰልጣኙ ዴቭ ብሊስ ምን አደረገ? ለሟቹ በስውር የከፈለው የትምህርት ክፍያ እንዳይታወቅበት፣ ልጁ ዕፅ ይሸጥ ነበር በሉ ብሎ ተጫዋቾቹን ሊያስጠና ሞከረ። የሞተ ልጅ ላይ! ምክትሉ አባር ራውስ በድብቅ ቀርጾ አጋለጠው። ከዚያ ወዲያ ራውስን በዚያ ደረጃ ቀጥሮ ያሠራው ዩኒቨርሲቲ የለም። የቀረጸው ሰው ነው የኮሌጅ ኳስ በር የተዘጋበት። ኦትስ ደግሞ በ2024 ውሉ ታደሰለት።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ ብሊስን ከኦትስ ጋር ነው የምታወዳድረው? ኦትስ ማን ላይ ዋሸ? ደግሞ ቅጣት የለም አትበል። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሳንደስኪ ጉዳይ 60 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ 112 ድል ተሰርዞበታል።

የሸገር ልጅ፦ ድሎቹ በ2015 እንደተመለሱለት ማን ይንገርህ?

መምህሩ፦ ሳንደስኪ ደግሞ ሕፃናትን በወሲብ በማጥቃት የተፈረደበት አሰልጣኝ እንጂ ተጫዋች አልነበረም። ርዕሱን አትደባልቁ።

የሸገር ልጅ፦ እሺ፣ ተጫዋች ከፈለጋችሁ እዚያው ቤይለር፣ 2016፣ የአሜሪካ ፉትቦል። ተጫዋቾች በወሲብ ጥቃት ተከሰው ዩኒቨርሲቲው ተኝቶበት፣ አሰልጣኙ አርት ብራይልስ ተባረረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ምን ወሰነ? ያሳፍራል፣ ግን የእኛን ደንብ አልጣሰም። የትምህርት ክፍያ በስውር ብትከፍል ደንብ አለ። ለዚህ ግን ደንብ የለም።

መምህሩ፦ እኔ እኮ የምለው ይህንኑ ነው። ደንቡ ቀድሞ ይጻፍ። ዛሬ በጩኸት፣ ነገ በዝምታ አይሁን።

የሩት እናት፦ ደንብ እስኪጻፍ አሰልጣኙ ህሊና የለውም?

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ እሺ፣ ሩት ሚለርን ብትሆንስ? አልተከሰሰችም፣ የምታውቀውን ተናግራለች፣ የኤንቢኤው ምርጫ አራት ወር ቀርቶታል። አሰልጣኟን «አስቀምጥልኝ» ትዪዋለሽ?

የሩት እናት፦ እለዋለሁ።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ አትይውም።

የሩት እናት፦ አንተ ስለ እኔ ልጅ ለእኔ ትነግረኛለህ?

አልፎ ሂያጅ፦ ለማንኛውም በዚያው ማርች ሳን ዲዬጎ ስቴት አላባማን ከሀገር አቀፉ ውድድር 71 ለ64 አሰናብቷቸዋል። ከሀገሩ ሁሉ አንደኛ ተብለው ገብተው።

ሮል ታይድ ሐበሻ፦ አሁን ይሄ ከክርክሩ ጋር ምን አገናኘው?

አልፎ ሂያጅ፦ ምንም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

ጋሼ ሾፌሩ፦ እኔ የደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ አገኘሁ፣ ደህና ሁኑ። ሦስት ሻንጣ አለው። ልፈትሸው ወይስ ዝም ብዬ ልንዳ?

የሸገር ልጅ፦ ይንዱ ጋሼ። አስቀድመው ስልክዎን ግን ይዩት።