የ75ቷ ፊያት ስፓይደሬ ሞተር አለቀ፤ ላድሰው ወይስ ሌላ ላስገባ?

ስፓይደር75 (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ የ1975 ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ከገዛኋት 11 ዓመቷ። ባለቤቴ የምትሳፈርባት በዓመት ሁለቴ ነው፣ ያውም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ።

ለምን ፊያት ብትሉኝ፣ አባቴ አዲስ አበባ ላይ 124 ነበረው። ባለ አራት በሩን። ከዓመታት በኋላ ሊጠይቀን ሲመጣ ሻንጣውን ቤት ሳያስገባ "ኮፈኑን ክፈትልኝ" አለኝ። ዝቅ ብሎ አየ፣ ሁለቱን ካምሻፍት (ቫልቭ የሚከፍቱትን ዘንጎች) በጣቱ ቆጠረና "ይቺማ የእኔዋ ሀብታም ዘመድ ናት" አለ። አባቴ አሁን የለም። እንግዲህ መኪናዋን ሽጣት የሚለኝ ሰው ቢኖር ከወዲሁ ይቅርብኝ።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ሞተሯ 1756 ሲሲ ነው፣ ባለ ዌበር ካርቡሬተር። ስንት ማይል እንደሄደ አላውቅም፤ ቆጣሪው አምስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ዞሮ ዜሮ ይገባል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። በ500 ማይል አንድ ሊትር ዘይት ትጠጣለች። ሞቃ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ስትቆም ደግሞ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለካሁ። አንደኛው ሲሊንደር 140፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 135፣ አራተኛው 130 ፒኤስአይ።

አንድ ጋራዥ ሙሉ እድሳት 5,500 ዶላር ብሎኛል። በሌላ በኩል ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ሰው አካሏን ዝገት ከበላት የ1980 ስፓይደር የወረደ ሞተር በ700 ዶላር ይሸጣል። ባለ 2 ሊትሩ ነው። ሞተሩ ብቻ ነው ያለው፣ የነዳጅ መርጫው ዕቃና ሽቦው የለም።

ምን ትሉኛላችሁ?

የላዳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ የላዳ ሞተር ክተትባትና ተገላገል! ቀልዴን ነው።

ግን እኮ ዘመድ ናቸው። ሩሲያኖቹ ላዳን የሠሩት የአባትህን 124 ወስደው ነው። የእኔም አባት በሰማያዊና ነጭ ላዳ ነው ያሳደገን። ሞተሩ ስንቴ እንደወረደ ተወው፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየርለታል፣ ሰኞ ወደ ሥራ። ለሞተር 5,500 ዶላር ሲባል እኔ ቀድሜ ነው የምጨሰው።

ስፓይደር75

ሃሃ። ዘመድስ ዘመድ ናቸው፣ ሞተሩ ላይ ግን ተለያይተዋል። ሩሲያኖቹ አካሉን ወስደው የራሳቸውን ባለ አንድ ካምሻፍት ሞተር ሠሩለት፣ በሰንሰለት የሚዞር። የእኔዋ ሁለት ካምሻፍት በቺንጋ (በቀበቶ) ነው። ድምፁም ሌላ ነው፣ ከ4,000 ዙር በላይ እስቲ ስማው።

ቶርኖ (ሜሪላንድ)

ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግማሹን ዕድሜዬን ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ግማሹን እዚህ ከሞተር ሥር ነው ያሳለፍኩት። በቀስታ ስማኝ።

መጀመሪያ፣ ያንን መብራት ብቻ አትመን። ለመብራቱ የዘይት ግፊቱን የሚነግረው ላኪው ራሱ ያረጃል፣ ይዋሻል። ቦታው ላይ ባለ መርፌ ጌጅ እሰርና ሞተሩ ሞቆ ለካ። እውነትም ግፊቱ ከወረደ መንዳት አቁም። "እስከ ጋራዡ ብቻ" የሚባል ነገር የለም፤ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) የሚበላው ያቺ አጭር መንገድ ናት።

ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ (እሳት ሰጪ) ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና እንደገና ለካ። ቁጥሩ ከወጣ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልወጣ ወደ ቫልቭ እንሄዳለን፣ ያኔ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ብቻ በማውረድ ትድናለህ። ጭሱንም እየው። ቁልቁለት ላይ እግርህን አንስተህ መልሰህ ስትረግጥ የሚጨስ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒው (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው። አንተ ግን ዳገት ላይ ነው ያልከው። ደስ አይልም።

ስለ 2 ሊትሩ። የሁለቱም ፒስተን ስፋት 84 ሚሊ ነው። ልዩነቱ ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት ላይ ነው፤ ያንተ 79.2፣ የዚያኛው 90። ስለዚህ ብሎኩ ከፍ ይላል። ማሰሪያው ይገጥማል፣ ቺንጋው ግን የራሱ ይሁን፣ የድሮውን እንዳትሞክር። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦም ማስተካከያ ይፈልጋል። የነዳጅ መርጫው ከሌለ ካርቡሬተርህን አስረህበት በዝቅተኛ ግፊት የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግበው።

ብቻ "ጥሩ ሞተር ነው፣ ሲወርድ ይሠራ ነበር" የሚል ሻጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሳትከፍተው አታስገባው። ፋሻ፣ ብሮንዚን (የክራንክሻፍት መደገፊያ)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቺንጋ ከነመወጠሪያው፤ እነዚህን ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ እያለ ጨርስ። ፍሪሲዮኑንም አብረህ ቀይር። በ100 ዶላር ስስት ሞተር ሁለቴ ያወረደ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ አሮጌው 1756 በሜካኒካል የነዳጅ ፓምፕ የሚሠራ ከሆነ፣ ቺንጋው የሚያዞራት ሦስተኛ ዘንግ አለች፣ የዘይት ፓምፑን የምትነዳው። ብዙ ሰው የካምሻፍቶቹን ምልክት አስተካክሎ እሷን ይረሳል። እሷ ላይ ያለው፣ የነዳጅ ፓምፑን የሚገፋው ጉጥ፣ ከቦታው ከወጣ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ሊመታ ይችላል። ሁለተኛው ሲሊንደር ስትል ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ከቶሪኖ

እኔ ደግሞ ከእነ ጋሽ ቶርኖ ትንሽ እለያለሁ። እዚህ አሮጌ መኪና ስታስመዘግብ በፋብሪካ የወጣው ዓይነት ሞተር ነው የሚጠየቀው። የመጣችበት 1756 ከሆነ 1756 ይሁን። ይህን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ለፌራሪ ሞተር ሲነድፍ የነበረው ሰውዬ። እንዲህ ያለ ዕቃ በ700 ዶላር ይለወጣል እንዴ?

የመለዋወጫ ነገር ከሆነ አትጨነቅ፣ እዚህ ሞልቷል። ቋንቋውም አይከብድህም፤ መጀመሪያ ሱቅ ስገባ ጣልያንኛዬ ገና ነበር፣ ግን ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን አልኩት። ሻጩ አንዱንም አላስደገመኝም። "የት ጋራዥ ነው የሠራኸው?" አለኝ። ጋራዥ ገብቼ አላውቅም እኮ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ላይ የሰማሁት ነው።

ስፓይደር75

አንድ ሊትር ዘይት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ቅዳሜ። ሁለተኛው ሲሊንደር ከ75 ወደ 120 ወጣ። ጌጁንም አሰርኩ፤ ሞቆ ሚኒሞ ላይ መርፌው ከታች ተኝቶ ቀረ። መብራቱ አልዋሸም ጋሽ ቶርኖ።

የቶሪኖው ወንድሜ፣ ገብቶኛል። ግን እኔ መኪናዋን ለትርኢት ዳኛ አላቀርባትም፣ ልነዳት ነው የምፈልገው። አሮጌውን አልሸጠውም፣ ጋራዤ ጥግ ይቀመጣል። ፔንሲልቬንያ እሄዳለሁ።

ስፓይደር75 (ከአራት ወር በኋላ)

እስካሁን የጠፋሁት በሥራ ነው።

2 ሊትሩን ከፈትኩት። ሲሊንደሩ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጠርዝ የለም። ክራንክሻፍቱን ብረት የሚቀርጹ ቶርኖ ቤት (ጋሽ ቶርኖ ቤት አይደለም) አስለካሁት፣ ንጹህ ነው አሉኝ። ጋሽ ቶርኖ የዘረዘሩትን ሁሉ ቀየርኩ፣ ፍሪሲዮኑንም ጭምር። ከነሞተሩ ዋጋ 2,300 ዶላር ገደማ ወጣ፣ ጉልበቱ የራሴና የአማቼ ነው። አማቼ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ክሬኑን ሲጎትት ግን ከማንም አያንስም።

የመጀመሪያ ማስነሻ ላይ ካንዴላዎቹን አውጥቼ የዘይቱ መርፌ እስኪነሳ ድረስ በስታርተር አዞርኩት። ከዚያ ካንዴላዎቹን መለስኩ። በሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ "ድምፁ ወፈረ" አለች። እውነቷን ነው፣ ወፍሯል። ያቺን የላይኛዋን ጩኸት ትንሽ ናፍቄያታለሁ፣ ዳገቱን ግን በአራተኛ ማርሽ ትወጣዋለች።

ትናንት ማታ ደግሞ አሮጌውን ገልብጬ ከሥሩ ከፈትኩት። የብሮንዚኖቹ ብርማ ገጽ አልቆ መዳቡ ታይቷል። የሁለተኛው ፒስተን አንዱ ፋሻ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ተለቅሞ ወጣ። ሁለተኛው ቢዬላ ጎን ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የተጠፈጠፈች ምልክት አለች። ከእኔ በፊት ቺንጋ የቀየረ ሰው የሠራት ትመስለኛለች። ጋሽ ቶርኖ፣ እርስዎ ካሉት ቦታ ላይ ናት።

ቶርኖ

ፎቶውን ከጎን አንሳልኝ። ብርሃኑን ዝቅ አድርገው፣ ከምልክቷ ሥር ስንጥቅ መኖሩን ማየት እፈልጋለሁ። ስንጥቅ ከሌለው አትጣለው፣ ክረምት ላይ መጥቼ አብረን እንሠራዋለን።