ኦዲሲ ካስተካከለው በኋላ ነጎድጓዱ ጠፋ፣ ከበሮው ግን ያጓራል

ባለ ሳሎኗ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ከዱባይ ሲመለስ ኦዲሲ (ክፍሉን በማይክሮፎን ለክቶ ድምፁን የሚያርም ፕሮግራም) ያለው ባለ 5.1 ኤቪ ሪሲቨር፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር የሚያጫውት ማጉያ፣ ይዞ መጣ፤ ስፒከሮቹንና ሰብዉፈሩን (የወፍራሙን ድምፅ ሣጥን) እዚሁ መርካቶ ገዛን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ60፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ባዶ ሴራሚክ። ሶፋው ልክ መሐሉ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከኋላው የምግብ ጠረጴዛ አለ።

መሣሪያው አብሮት በመጣው ማይክሮፎን ክፍሉን እንዲለካ አደረግን፣ መመሪያው እንደሚለው ቦታ እየቀያየርን። ከዚያ በኋላ ፊልም ላይ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ሶፋው ላይ ሆኜ የሚሰማኝ ከሲታ ድምፅ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ስንከፍት ደግሞ ከበሮው አንድ ቃና ይዞ ያጓራል። ልጄ ጥጉ ላይ ትራስ ደልድሎ ይቀመጥና «እማዬ፣ እዚህ እኮ መሬቱ ይንቀጠቀጣል» ይለኛል። የሰብዉፈሩን መጠን ብጨምር ነጎድጓዱ እምብዛም አልመጣም፤ በማግስቱ ግን የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ምነው፣ ሌሊት ቤት ታፈርሳላችሁ እንዴ?» አሉኝ። ንግግርም የታፈነ ሆኗል፣ በተለይ የወንድ ድምፅ። ቀጭኑንና ወፍራሙን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው በኢኳላይዘሩ የትኛውን ቁጥር ከፍ ባደርግ ይሻላል?

የምድር ቤት ሲኒማ፦

ሰላም እህቴ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሲኒማዬ ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ ግድግዳው በእንጨት ላይ የተመታ ጂፕሰም፣ ወለሉ ሙሉ ምንጣፍ። የኦዲሲን የስልክ መተግበሪያ ገዝቼ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን፣ ማለትም የወፍራሙን ድምፅ መስመር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ከፍ አደረግሁት። ውጤቱ ድንቅ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊና ተገላገይ።

ጆሮዬ ይበቃኛል፦

ይህ ሁሉ ማይክሮፎንና መተግበሪያ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ድሮ በቴፕ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበር፤ አንዱ ለቀጭኑ፣ አንዱ ለወፍራሙ፤ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይሰማ ነበር። ክፍሉ ካስቸገረ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ ወይም ጋቢ ይሰቀል። አለቀ።

ባለ ማደባለቂያው፦

እህቴ፣ መልሱን ልጅዎ ነግሮዎታል። ጥጉ ይንቀጠቀጣል፣ መሐሉ ባዶ ነው፤ እርስዎ የተቀመጡት ደግሞ መሐሉ ላይ ነው። ኢኳላይዘሩን ይተዉትና ሶፋውን ይግፉት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአዳራሽ ድምፅ ማደባለቅ ስለሆነ ነገሩን በቁጥር ካላሳየሁ አይሆንልኝም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይለያል የሚሉ አሉ፤ አይለይም። ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው።) 343ን ለሳሎኑ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም ለ10 ሲያካፍሉት 34 ሄርዝ ያገኛሉ፤ ሄርዝ ማለት ድምፁ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች መካከል የሚያስተጋባው የመጀመሪያው ቃና ይህ ነው። ግድግዳዎቹ ጋ ይጎላል፣ መሐል ለመሐል ይሞታል። ወርዱም እንዲሁ፤ 343ን ለ8 ሲያካፍሉት 43 ሄርዝ ነው፣ እሱም መሐል ላይ ይሞታል። ሶፋዎ ሁለቱም የሚሞቱበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። የፊልም ነጎድጓድ ክብደቱን የሚያገኘው ደግሞ ከእነዚሁ ቃናዎች ነው።

ከበሮው የሚያጓራውም በዚያው ቦታ ምክንያት ነው። የርዝመቱ ሁለተኛ ቃና 69 ሄርዝ ሲሆን ይኼኛው መሐል ላይ ይጎላል። ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው ከፍታም የራሱን 66 ሄርዝ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለቆሙ ከበሮ መቺው ምንም ቢጫወት ክፍሉ የሚመልስልዎት ያንኑ ነው።

ታዲያ 34ን በኢኳላይዘር ከፍ ብናደርገውስ? የሞተ ቃናን በኢኳላይዘር ማስነሳት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ከግድግዳ የሚመለሰው ሞገድ ቀጥታ የመጣውን ስለሚያጠፋው አንዱን ሲጨምሩ ሌላውም እኩል ይጨምራል፤ መተፋፋታቸው አይቀርም። 9 ዴሲቤል መጨመር ማለት ከአምፕሊፋየሩ ወደ 8 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ሶፋው ላይ አይሰማም፣ ጥጉ ላይና ታችኛው ቤት ግን ይሰማል። ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው።

የቨርጂኒያው ወንድሜ አልዋሸም፤ የሠራለት ግን በቤቱ ምክንያት ነው። ጂፕሰም በወፍራም ድምፅ ይርገበገባል፤ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። እሱ የጨመረው የጎደለበትን ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ግን አይበገሩም፣ የተላከባቸውን መልሰው ይወረውራሉ። የእኛ አገር ሳሎን የበዛውን መቀነስ እንጂ መጨመር እምብዛም አይጠይቅም።

ጆሮዬ ይበቃኛል ላሉት ደግሞ፦ የ34 ሄርዝ ሞገድ አንድ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። ተራ ጨርቅም ሆነ ስፖንጅ ሞገድን አጥብቆ የሚይዘው ከግድግዳው በሞገዱ ሩብ ያህል ሲርቅ ነው፤ ይህም 2 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ጋቢው ብርድ ይከላከል እንጂ ነጎድጓድ አያግድም፤ የእንቁላል ካርቶኑም የሚነካው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁልፍ ያሏቸው ቴፖች ደግሞ 34 ሄርዝ የሚያወጣ ስፒከር ስላልነበራቸው ይህ ችግር አልገጠማቸውም።

አሁን ወደ ሥራው። የምግብ ጠረጴዛውን ወደ ጎን ግድግዳ አስጠግተው ሶፋውን ወደ ኋላ 80 ሴንቲሜትር ያህል ይግፉ፣ ራስዎ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ከ70 ገደማ እንዲርቅ። እዚያ 34ቱ ነፍስ ይዘራል፣ 69ኙም ይረግባል። ግድግዳው ድረስ ግን አይውሰዱት፤ እዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ያብጣል። ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ከሆነ ወደ ፊተኛው ግድግዳ መሐል ቢያመጡት የወርዱን 43 ብዙም አይቀሰቅሰውም።

ከዚያ እንደገና ይለኩ። ማይክሮፎኑን ሶፋው መደገፊያ ላይ እንዳያስቀምጡት፤ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ተውሰው በጆሮ ከፍታ፣ አፉን ወደ ኮርኒስ አዙረው ያቁሙት። የመጀመሪያው ቦታ የዋናው ተመልካች ራስ ያለበት ይሁን፤ ርቀትንና የድምፅ መጠንን መሣሪያው የሚወስደው ከእሱ ነው። ሌሎቹ ቦታዎች በዙሪያው ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሁኑ፤ ልጅዎ የሚቀመጥበትን ጥግ አይለኩ። ፍሪጁን ይንቀሉ። ከሥር ያለው ሱቅ ጄኔሬተር ካስነሳ ይጠብቁ፤ ጉምጉምታው እኛ የምንለካውን ያበላሻል። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ድምፅ ማጉያ ነፃ የሆነ ሰዓትም ይምረጡ።

ንግግሩ የታፈነው በሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ የመሐሉ ስፒከር የቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሣጥኑ የወንድ ድምፅ ላይ ይጎረናበታል፤ ወደ መደርደሪያው ጠርዝ ያውጡትና ፊቱን ትንሽ ወደ ላይ ያቅኑት። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከሚገባው በላይ ነክቷል። በእንዲህ ዓይነት ክፍል ከ200 ወይም ከ300 ሄርዝ በታች የሚገዛው ክፍሉ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሰሙት በአብዛኛው ስፒከሩን ራሱን ነው። ይህ ድንበር የሚጠራው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በማንፍሬድ ሽሮደር ስም ነው። የሴራሚክ ወለል ነጸብራቅ ተቀላቅሎበት የተለካ ቀጭን ድምፅ ላይ ማሽን እርማት ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ጥሩውን ያደበዝዛል። ወንድማችን በጠቀሱት መተግበሪያ እርማቱን 300 ሄርዝ ላይ ይግቱት፤ 2,000 ሄርዝ አካባቢ ሆን ብሎ የሚያጎድላትንም ነገር ያጥፉ። ቀሪውን ሥራ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መካከል የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ይሠራል።

ባለ ሳሎኗ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ጠረጴዛውን ሲገፋ አጉረምርሞ ነበር፣ አሁን ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ሆኗል። ነጎድጓዱ ተመልሷል፤ ከበሮውም እያንዳንዱ ምት ለየብቻው ይሰማል። የመሐሉን ስፒከር ስናወጣው ንግግሩ ወዲያው ጠራ፤ ምንጣፉን ገና አልገዛንም።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶናል። መሣሪያው የሰብዉፈሩን ርቀት 5 ሜትር ከ40 ብሎ መዝግቧል፤ እኛ በሜትር ስንለካው 3 ሜትር ከ20 ነው። እናርመው? ደግሞም ማታ ማታ ልጁ ሲተኛ ዝቅ አድርገን ስናይ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

ባለ ማደባለቂያው፦

እንዳያርሙት! መሣሪያው ርቀት ብሎ የሚጽፈው የድምፁን መዘግየት ነው። ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምፁን ከ6 ሚሊሴኮንድ (ሴኮንድ ለሺህ ተከፍሎ ስድስቱ እጅ) ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አዘግይቶታል፤ በአየር ላይ ሲሰላ 2 ሜትር ከ20 ይሆናል። ሜትሩን አምነው ቢያርሙት ሰብዉፈሩና ስፒከሮቹ ሥራ በሚረካከቡበት ድንበር፣ 80 ሄርዝ ላይ፣ ሲገናኙ መተፋፋት ይጀምራሉ።

ለማታው ዳይናሚክ ኢኪው የሚለውን ያብሩ። ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ነው፤ ይህ ቅንብር በዝቅታው ልክ ይመልስልዎታል። ለፊልም የዚህን ቅንብር መነሻ (ሪፈረንስ ሌቭል ኦፍሴት የሚለውን) 0 ላይ ይተዉት፤ ለሠርግ ቪዲዮና ለተራ ቴሌቪዥን ግን 10 ወይም 15 ያድርጉት፣ አለበለዚያ ከበሮው እንደገና ያብጣል። የኋላ ስፒከሮቹንም ከፍ ስለሚያደርግ ከበዛብዎት እነሱን 2 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጓቸው።

ምንጣፉ ሲገባ ልኬቱን ይድገሙት፤ ከመድገምዎ በፊት ግን የአሁኑን መተግበሪያው ላይ በስም ያስቀምጡ፣ አዲሱ ካልጣመዎት ይመለሱበታል።