በግርግም መወለዱ ድሆችን ዝም ያሰኛል?

ሠናይት፦ ሰሞኑን የሰማሁት አንድ ስብከት እንቅልፍ ስለነሣኝ ለውይይት አመጣሁት። ሰባኪው ስለ ጌታ ልደት ሲያስተምሩ «የነገሥታት ንጉሥ በከብቶች በረት ከተወለደ እናንተ ስለ ኑሮ ለምን ታማርራላችሁ?» አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ጌታ ድህነትን የተቀበለው ወዶ ነው፤ ድሀ ግን ድህነቱን አልመረጠም። ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥9 «ሀብታም ሲሆን ስለ እናንተ ድሀ ሆነ» ይላል፤ ምዕራፉ በሙሉ የሚናገረውም ለተቸገሩ ወገኖች ገንዘብ ስለ ማዋጣት ነው። ጳውሎስ ይህን ቃል ያነሣው ያለው ሰው እጁን እንዲዘረጋ እንጂ የሌለው እንዲታገስ አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ናትናኤል፦ እህቴ፣ ስብከቱን እኔም አልደግፈውም። ግን ልደቱን የድህነት ታሪክ አድርገን የምናነብበት መንገድ ራሱ ጥያቄ ይፈጥርብኛል። ሉቃስ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አጡ አለ እንጂ ገንዘብ አጡ አላለም። ዮሴፍ የእጅ ሙያ ያለው ጸራቢ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ሰብአ ሰገል ወደ ቤት ገብተው ነው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ያቀረቡት። (በሥዕል የለመድናቸው በሬና አህያም ከኢሳይያስ 1፥3 የመጡ ናቸው፤ በወንጌሉ የልደት ታሪክ ውስጥ የሉም።) ለእኔ ትሕትናው ያለው አምላክ ሰው መሆኑ ላይ ነው። ፊልጵስዩስ 2 «ራሱን ባዶ አደረገ» ሲል ስለ በረት አንድም ቃል አያነሣም። በሮሙ ቄሣር በአውግስጦስ ቤተ መንግሥት ቢወለድ እንኳ ከሰማይ መውረዱ ያው መውረድ ነው።

ሩት፦ ድሆች አልነበሩም ለማለት ከሆነ ሉቃስ 2፥24ን እለፈው ማለት ነው። ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት መሥዋዕታቸው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን 12 ደግሞ የወለደች ሴት የአንድ ዓመት ጠቦት እንድታቀርብ ያዝዛል፤ በጠቦቱ ፈንታ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ የተፈቀደው ጠቦት ለመግዛት አቅም ለሌላት ነው። ወንጌላዊው ይህን የጻፈው ሕጉን ለሚያውቅ ሰው እንዲገባው ነው።

መምህር ጥበቡ፦ ናትናኤል ልጄ፣ ስለ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ስለ መሆኑ የተናገርከው እውነት ነው፤ ያለ እርሱ ግርግሙ ትርጉም የለውም። ነገር ግን ሉቃስ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ግርግምን 3 ጊዜ ያነሣል፤ በቁጥር 7፣ 12 እና 16። በ12ኛው ላይ መልአኩ ለእረኞቹ «ይህም ምልክት ይሆንላችኋል» ይላቸዋል። ምልክቱ ኮከብ ወይም የመላእክት ሠራዊት አይደለም። ተጠቅልሎ በግርግም የተኛ ሕፃን ነው። በዚያ ዘመን አውግስጦስ የአምላክ ልጅ ይባል ነበር፤ በታናሽ እስያ በፕሪየኔ በተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት ገደማ በተቀረጸ ጽሑፍ የእርሱ ልደት ቀን ለዓለም የምሥራች መጀመሪያ ተብሏል። ሉቃስ ምዕራፉን በዚሁ ቄሣር ስም ከፍቶ የምሥራቹን በበረት ላለው ሕፃን ሰጠው። ቤተ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ያደሩ እረኞች ከበሩ ያልፉ ነበር? ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ለመግባት የማንም ፈቃድ የማያስፈልግበት ቦታ ተወለደ።

ሠናይት ሆይ፣ አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። በግርግሙ የተጽናና ድሀ ብዙ ነው። አምላኬ እኔ ያለሁበት መጥቷል ብሎ የሚያለቅስን ሰው መጽናናቱን እንዳንቀማው።

ሠናይት፦ መምህር፣ ድሀው ራሱ ሲጽናና እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ። የሚከብደኝ የጠገበ ሰው ያንን መጽናናት አንሥቶ ለተራበ ሰው መልስ ሲያደርገው ነው። እመቤታችን ገና ሳትወልደው ምን ብላ ዘመረች? «ገዥዎችን ከዙፋናቸው አዋርዶአል፤ ትሑታንንም ከፍ አድርጎአል፤ የተራቡትን በበጎ ነገር አጥግቦአል።» ልደቱን የሚሰብክ ሰው ይህን ዘሎ ወደ በረቱ ሊሄድ አይችልም።

ናትናኤል፦ እንግዲያው ነገሩን ወደ ዳር እንውሰደው። በግርግም የተወለደን አምላክ በወርቅና በሐር ማክበርስ ስሕተት ነው?

ሩት፦ ስሕተት ነው አልልም፤ ውድ ሽቱ ያፈሰሰችለትን ሴት መልካም ሥራ ሠራች ብሏታል። ሆኖም በቤተ ልሔም የኖረው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ቅዱስ ሄሮኒሞስ የጭቃው ግርግም ተነሥቶ በብር በመተካቱ አዝኖ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ሐር አልብሰህ በደጅ ሲበርደውና ሲታረዝ አትለፈው ብሎ አስተምሯል። ቅደም ተከተሉን ያስቀመጠው እርሱ ነው፤ መጀመሪያ የታረዘው ይልበስ፣ ከዚያ መቅደሱ ያጊጥ።

ናትናኤል፦ በዚህ እስማማለሁ። ባለጠጋው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው ወይስ ተዘግቶበታል? ሰብአ ሰገልም ሀብት ይዘው ነው የመጡት፤ ማንም ከደጅ አልመለሳቸውም።

ሩት፦ ሀብታቸውን ግን ትተው ተመለሱ። በታሪኩ መጨረሻም ማቴዎስ ባለ ጠጋ የሚለው ሰው አለ፤ የአርማትያሱ ዮሴፍ። መኝታው ግርግም የነበረውን ጌታ ለራሱ በወቀረው አዲስ መቃብር አኖረው። ያ ሰባኪ ለባለጸጎች ምእመናኖቻቸው ስለ እርሱ ቢነግሯቸው እወድ ነበር።