የፒፒአይ ካሳ፦ ራስ መጻፍ፣ ደላላ ወይስ ጠበቃ? (ለብሪታንያ ነዋሪዎች)

ጥያቄ

ሰላም ወገኖቼ። እናቴ ለንደን ከገባች 24 ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በሌሊት ጽዳት ሥራ ነው ያሳለፈችው። በ2007 ከአንድ ባንክ 6,000 ፓውንድ ተበድራ በ2012 ከፍላ ጨርሳለች። የዚያው ባንክ ክሬዲት ካርድም ነበራት፤ እሱን የዘጋነው አምና ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ድርጅት ደብዳቤ ደረሳት። «የፒፒአይ ካሳ ሊኖርዎት ይችላል፤ ፈርመው ይላኩልን፤ ካላሸነፍን ምንም አንጠይቅም» ይላል። የደረስኩባት ብዕር ይዛ ልትፈርም ስትል ነው። የፒፒአይ ጊዜ አልፏል ሲባል አልነበረም? የተጠቀማችሁበት ድርጅት፣ ጠበቃ ወይም ነጻ አገልግሎት ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከቶተንሃም

መጀመሪያ ብዕሩን ተቀበያቸው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የቀነ ገደቡ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ለበርካታ ዓመታት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን ሻይ እየተጠጣ ለሰው የቅሬታ ደብዳቤ ስጽፍ የነበርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ያተረፍኩት እውቀት ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ለማያውቅ፦ ፒፒአይ ማለት ተበዳሪው ቢታመም፣ አደጋ ቢደርስበት ወይም ከሥራው ቢቀነስ ወርሃዊ የብድር ክፍያውን የሚተካ ኢንሹራንስ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የከፋው አሻሻጡ ነው። ሚኒካብ ለሚነዱ ወንድሞቻችን «ከሥራ ቢቀነሱ» የሚል ዋስትና ሸጡላቸው። ራሱን የቀጠረ ሰው ማን ይቀንሰዋል? ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለባቸውም ሸጡ፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም እንደማይሸፈን የተጻፈው ግን ማንም በማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ብዙዎች «ይህን ካልገዛችሁ ብድሩ አይፈቀድም» ተብለዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ መግዛታቸውን ያወቁት ከዓመታት በኋላ ነው።

የሁሉንም ዓይን የገለጠው የሱዛን ፕሌቪን ጉዳይ ነው። እኚህ ሴት ባላቸው የሞተባቸው የኮሌጅ መምህርት ናቸው። በ2006 ለ10 ዓመት የሚከፈል 34,000 ፓውንድ ሲበደሩ 5,780 ፓውንድ የኢንሹራንስ ሒሳብ ተጨመረባቸው፤ ለዚያውም ሽፋኑ ለ5 ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ 5,780 ፓውንድ ውስጥ ብድሩን ያገናኘው ደላላ 1,870፣ አበዳሪው 2,280 ወሰዱ። ለኢንሹራንስ ኩባንያው የደረሰው 1,630 ነው። 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነበር ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2014 ይህን ያህል ኮሚሽን መደበቅ በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ያለውን ግንኙነት ኢፍትሐዊ ያደርገዋል ሲል ወሰነ። «የፕሌቪን ጥያቄ» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባንኮቹ በ2011 በፍርድ ቤት ተሟግተው ከተሸነፉ በኋላ በጠቅላላው ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መልሰዋል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍሲኤ ኦገስት 29 ቀን 2019ን የመጨረሻ ቀን አድርጎ ነበር። የአርኖልድ ሽዋርዝኔገርን የጎማ ጭንቅላት በቴሌቪዥን እያስጮኸ ሲያስታውሰን የነበረው ለዚህ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያልኳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ባንኩም ሆነ የፋይናንስ እንባ ጠባቂው አዲስ ቅሬታ የሚቀበሉት በጣም የተለየ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ በዚያ ወቅት ከባድ ሕመም ላይ የነበረ ሰው።

የተዘጋው ግን አንዱ በር ነው። የፍርድ ቤቱ በር የራሱ የጊዜ አቆጣጠር አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2023 በሰጠው ፍርድ የስድስት ዓመቱ ገደብ የሚቆጠረው የብድር ግንኙነቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ነው ብሏል። በዚያ ጉዳይ ኢንሹራንሱ በ2006 ቆሞ ካርዱ የተዘጋው በ2015 ነበር፤ ከሳሿ አሸንፈዋል። እንግዲህ እናትሽ አምና የዘጉት ካርድ ፒፒአይ ከነበረበት ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ገና አምና ነው።

የ2007ቱ ብድር ግን ያስቸግራል። በ2012 ስላለቀ ስድስት ዓመቱ በ2018 ሞልቷል። በኖቬምበር 2023 የተሰጠ ሌላ ፍርድ፣ አበዳሪው ኮሚሽኑን ሆን ብሎ ሸሽጎ ከነበረ ቀኑ የሚቆጠረው ተበዳሪው ነገሩን ካወቀበት ወይም በተገቢ ጥረት ሊያውቅ ይችል ከነበረበት ጊዜ ነው ይላል። ያ ሁሉ ማስታወቂያ ካለፈ በኋላ «ያወቅኩት ትናንት ነው» ብሎ ዳኛ ማሳመን ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን የምተጋው ለካርዱ ነው። ከኤፕሪል 6 ቀን 2008 በፊት ተከፍሎ ያለቀ ብድር ያላችሁ ደግሞ በዚህ መንገድ አትድከሙ፤ ሕጉ አይደርስለትም።

ወደ ጥቆማው ልምጣ። ከሁሉ የሚቀድመው ኢንሹራንሱ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነው፤ ይህን ለማወቅ ለማንም አንድ ፔኒ አይከፈልም። ለባንኩ «ስለ እኔ የያዛችሁትን የግል መረጃ ሁሉ ስጡኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ከሜይ 2018 ወዲህ ነጻ ነው፤ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ደብዳቤ የላከላችሁ ድርጅት ከተፈረመለት በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከነጻዎቹ ውስጥ ሲቲዝንስ አድቫይስን አስቀድማለሁ፤ ፊት ለፊት ሰው ታገኛላችሁ። ወረፋው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከምክር አልፈው ፍርድ ቤት ይቆሙልኛል ብላችሁም አትጠብቁ። ከመኒ ሴቪንግ ኤክስፐርት ድረ ገጽ ያገኘኋቸው የደብዳቤ ናሙናዎች ደግሞ ለዓመታት የእሑድ መሣሪያዬ ነበሩ፤ ስምና ቀን ቀይሮ መላክ ብቻ ነበር። እንባ ጠባቂው ለቅሬታ አቅራቢ ነጻ ነው። ባንኩ በስምንት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካ ወደ እሱ መሄድ ይቻላል፤ ከመጨረሻው መልስ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ስድስት ወር ብቻ ነው። የሸጠው ድርጅት ከስሮ ከሆነ የፋይናንስ አገልግሎቶች ካሳ ፈንድ አለ፤ እሱም ነጻ ነው።

ጠበቃ የሚያስፈልገው ኢንሹራንሱ መኖሩ በወረቀት ከታየ በኋላ ነው።

መልስ፣ ከስቶክዌል

እኔ ግን በደላላ በመሄዴ አልቆጭም። በ2014 ሌሊት ሚኒካብ እየነዳሁ፣ ቀን እየተኛሁ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ጋሼም በሰፈሬ ሳይኖር፣ ድርጅቱ ሁሉን ጨርሶ 3,000 ፓውንድ አስመለሰልኝ። የድርሻውን ወሰደ፤ ይውሰድ! ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ አልጠይቅም ነበር። ሰው ሁሉ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የመጻፍ ወኔ የለውም።

መልስ፣ ከቶተንሃም

ወንድሜ፣ ወኔ ማጣቱ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው አዳራሻችን የሚመጣው ለዚያ ነበር። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። በዚያ ዘመን 30 በመቶና ቫት የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ብርቅ አልነበሩም፤ ከ3,000 ፓውንድ ላይ 1,080 ነው። ሕጉ ከጁላይ 10 ቀን 2018 ጀምሮ ለፒፒአይ 20 በመቶና ቫት ላይ ገደበው፤ ያም 720 ፓውንድ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለች እኅትህ ልጆቿን በስንት እንደምታስተምር አንተው ታውቃለህ።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ከካሳው ጋር በዓመት 8 በመቶ ወለድ ይታሰብ ነበር፤ ባንኩ በዚያ ወለድ ላይ 20 በመቶ ግብር ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ መደበኛ ግብር ከፋይ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የቁጠባ ወለድ ከግብር ነጻ ስለሚሆንለት ብዙ ሰው የተቆረጠበትን በአር40 ቅጽ ማስመለስ ይችል ነበር። ጊዜው የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ነው፤ በ2019/20 ገንዘቡ የገባለት ሰው ኤፕሪል 5 ቀን 2024 አልፎበታል። ዘግይቶ ካሳ ያገኘ ካለ ዛሬውኑ ቀኑን ይይ። ቅጹን «እንሞላላችኋለን» ብለው ግማሽ የሚጠጋ የሚወስዱ ነበሩ፤ ቅጹ ራሱ ነጻ ነው። አንዳንዶቹ የሰውን የግብር ተመላሽ በፊርማ ወደ ራሳቸው ያዛውሩ ስለነበር ከማርች 15 ቀን 2023 ወዲህ እንዲህ ያለው ውል አይጸናም ተብሏል።

መልስ፣ ከሌስተር

ፍርድ ቤት ስለሄድኩበት ልናገር። ካርዴ ላይ ፒፒአይ ነበረ፤ በጠበቃ ከሰስን፤ ከችሎት በፊት ባንኩ ተስማማ። ስለ ገንዘቡ መጠን ላለመናገር ፈርሜያለሁ። ከጠበቃ ጋር ስትነጋገሩ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። የፍርድ ቤቱን ክፍያ ማን ይከፍላል? ብትሸነፉ የሚመጣውን ወጪ የሚሸፍን መድን አስቀድማችሁ ትገዛላችሁ ወይ፣ ዋጋውስ ከማን ኪስ ይወጣል? እኔን ያሳቀኝ እዚህ ጋ ነው፤ ሳላውቅ ስለተሸጠልኝ ኢንሹራንስ ለመክሰስ ሌላ ኢንሹራንስ ግዛ ተባልኩ! ዋጋውም ከካሳዬ ላይ የሚቀነስ ነበር። እምቢ አልኩና ያለ እሱ ቀጠልን። በእንግሊዝና ዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ጥያቄ በአብዛኛው በትንንሽ ክሶች ችሎት ነው የሚታየው፤ እዚያ የተሸነፈ ሰው የሌላውን ወገን የጠበቃ ወጪ የሚከፍለው እምብዛም ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ደግሞ ከፍርድ ቤት ክፍያው ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

መልስ፣ ከቶተንሃም

የሌስተሩ ወንድም ስላነሳው አንድ ልጨምር፤ ቀድሞ ከባንኩ ካሳ ተቀብሎ «ሙሉና የመጨረሻ ስምምነት» በሚል ላይ የፈረመ ሰው በሩን በገዛ እጁ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ያንን ወረቀት ለጠበቃው አስቀድማችሁ አሳዩ።

ደላላ መርጠው ለሚሄዱም፦ ስሙን በኤፍሲኤ መዝገብ ፈልጉ፤ ጠበቃ ከሆነ በጠበቆቹ ተቆጣጣሪ መዝገብ። የካሳ ድርጅት ውል ከተፈረመ በኋላ 14 ቀን ያለ ቅጣት መሰረዣ ጊዜ አለ። ስልክ ደውሎ «4,000 ፓውንድዎ ጸድቋል፣ የማስለቀቂያ ክፍያ ይላኩ» የሚል ካለ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጉት። ይህን የምለው አንዲት እናታችን በእንዲህ ያለ ሰው 300 ፓውንድ ስለተበሉ ነው።

ለስቶክዌሉ ወንድሜና ለሹፌሮቹ ሁሉ፦ እነዚያው ደላሎች አሁን ወደ መኪና ብድር ዞረዋል። የመኪና ሻጩ ወለዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኮሚሽኑ የሚጨምርበት አሠራር ነበር፤ ኤፍሲኤ በጃንዋሪ 2021 ከልክሎታል። በኦክቶበር 2025 ያቀረበው የካሳ ዕቅድ ከኤፕሪል 2007 እስከ ኖቬምበር 2024 የተፈረሙ ውሎችን የሚመለከት ሲሆን ያን ጊዜ በአማካይ ለአንድ ውል 700 ፓውንድ ገደማ ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ለአበዳሪው በነጻ መጻፍ እየተቻለ ከዚያ ላይ እስከ 30 በመቶ ልትሰጡ ነው? የተቋሙን ድረ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፤ ካልሆነላችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ከ2004 ጀምሮ አንድም ወረቀት አልጣለችም፤ ሁሉም በሁለት ፌስታል ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ትናንት አወረድኩትና የካርዱን የ2009 መግለጫዎች አገኘሁ። በየወሩ «ፔይመንት ኮቨር» የሚል መስመር አለ፤ አንዳንዴ 9 ፓውንድ፣ አንዳንዴ 14። ይህ ምንድን ነው ብላት «እኔ የካርዱ ኪራይ መስሎኝ» አለች። ፒፒአይ ይሄ ነው? ከሆነ ለባንኩ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፣ ከቶተንሃም

በደንብ ይመስለኛል። በካርድ ላይ የሚቆረጠው ዕዳው ሲያድግ አብሮ የሚያድግ ስለሆነ ነው ቁጥሩ የሚለያየው። ሌላ ጊዜ «ሎን ኬር» ወይም «ኤኤስዩ» ተብሎ ይጻፋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ሆድ የባሰው ደብዳቤ አይረዳም። በእናትሽ ስም ሆኖ እርሳቸው ይፈርሙበት። እንዲህ በይ፦ «ከእናንተ ጋር የነበረኝ ክሬዲት ካርድ በዚህ ቀን ተከፍቶ በዚህ ቀን ተዘግቷል። ስለ እኔ የያዛችሁትን የግል መረጃ ሁሉ፣ በተለይም ከካርዱ ጋር የተሸጠልኝን የክፍያ ዋስትና ኢንሹራንስ የሚመለከተውን፣ ከየወሩ ክፍያ ጋር እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ውስጥ ስንት በመቶው ኮሚሽን እንደነበረና ማን እንደወሰደው ግለጹልኝ።» ኮሚሽኑን በግልጽ ጠይቂ፤ ኤፍሲኤ በፕሌቪን ጥያቄዎች ላይ መነሻ ያደረገው 50 በመቶን ነበር። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠበቃ ማናገር ያዋጣል።

ደብዳቤውን በተመዘገበ ፖስታ ላኪ፣ ደረሰኙን ከፌስታሉ አትለዪው። መልሱ ሲመጣ እዚህ ብትለጥፊልን አብረን እናየዋለን፤ የካርድ ቁጥሩንና የእናትሽን አድራሻ ግን ሸፍኚው።

ጠያቂዋ

ዛሬ ልኬዋለሁ። እናቴ የድርጅቱን ደብዳቤ ሽንኩርት ልትልጥበት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች።