እህቴ ቡፋሎ ናት፣ በረዶው እነሱ ሰፈር ብቻ ለምን?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። እህቴ አሜሪካ ቡፋሎ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። ትናንት በቪዲዮ ስናወራ መስኮቷ ነጭ ብቻ ነው። በመኪና 20 ደቂቃ ርቃ ያለችው ጓደኛዋ ጋ ግን ፀሐይ ወጥቷል። ሐይቁ ነው የሚያመጣው አሏት። እኛ ጎርጎራ እየወረድን ጣና ስንዋኝ ነው ያደግነው፣ ሐይቅ እንዴት በረዶ ያመጣል? ለፈረንጅ ገና ሌላ ማዕበል ይመጣል ተብሏል። እማዬ ደግሞ በዓሉን ብቻዋን ከምትውል ጓደኛዋ ጋ ትሂድ ትላለች። ትሂድ ወይስ ትቅር?

ጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ማራኪ፦
ታኅሣሥ ላይ ኤሪ ሐይቅ ገና በረዶ ሆኖ አይጠጥርም፣ ውሃው ከላዩ ካለው አየር በጣም ይሞቃል። ከሰሜን የወረደው ደረቅ ብርድ በላዩ ሲያልፍ እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ይነሳል፣ ደመና ይሆናል፣ ዳር ሲደርስ ያራግፈዋል። ቡፋሎ የሐይቁ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ናት፣ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሐይቁን በቁመቱ ከተከተለ መከራው እሷ ላይ ነው። ደመናው እንደ መቀነት ቀጭን ስለሆነ ያረፈበት ሰፈር ይቀበራል፣ ጎረቤቱ ፀሐይ ይሞቃል። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ብርድ አይደርስም። ራስ ዳሸን ላይ የምናየው አመዳይም ከከፍታው ነው እንጂ ከሐይቅ አይደለም።

ጎንደሬ ከቡፋሎ፦
ወንድሜ፣ ትቅር! በ2015 ታኅሣሥ፣ ልክ በፈረንጅ ገና ሰሞን፣ እዚሁ ነበርኩ። ከ130 ሳንቲሜትር በላይ ወረደ፣ ነፋሱ ደግሞ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አያሳይህም። ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ ለእርዳታ የወጡት መኪኖች ራሳቸው ተቀረቀሩ፣ በከተማውና በዙሪያው ከ40 በላይ ሰው ሞተ። መኪናቸው ውስጥ የተገኙ አሉ። ቅርብ ነው፣ ቶሎ እደርሳለሁ ብለው የወጡ ናቸው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውሃ፣ ዳቦ፣ መድኃኒት ካላት መድኃኒቷን አሁኑኑ ትያዝ፣ ስልኳን ቻርጅ ታድርግ። ምናልባት መኪና ውስጥ ከተያዘች የጭስ ማውጫውን ሳትጠርግ ሞተር እንዳታስነሳ። እኛ ጋ ቤት ዘግቶ ከሰል የሚያነድን ሰው የሚገድለው ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። የቤቱ ማሞቂያ ቱቦም ውጭ ግድግዳው ላይ ካለ በረዶ እንዳይደፍነው ትይ።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ከሰሉን ስትሰማ ደነገጠች። «የኛ ገና ታኅሣሥ 29 አይደል፣ ያኔ ከጓደኛዋ ጋር ታክብር» ብላለች። እህቴም ቱቦው የት እንዳለ አከራይዋን እየጠየቀች ነው።