«ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ብዬ እንዴት ልጠይቅ? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ በጥናት ረዳትነት ከገባሁ ሦስት ወሬ ነው። ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉ እናቶችን ስለ ኢሞና ዋትስአፕ እጠይቃለሁ። ስልኩ ያቀራርባል ወይስ ናፍቆት ያባብሳል?

የተቸገርኩት በመጠይቁ ነው። የዩሲኤልኤ (አሜሪካ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) የብቸኝነት መለኪያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ቅጂ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «ሁልጊዜ» በአራት ደረጃ ነው። «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ስላቸው ግን ኮስተር ይላሉ። «እግዜር እያለ ምን ብቸኝነት አለ ልጄ!» ብለው «በጭራሽ» ያስሞሉኛል።

ባለፈው ማክሰኞም አንዲት እናት እንዲሁ አሉኝ። ከዚያ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው፣ ቤይሩት ካለችው ልጃቸው ጋር ቡና ጠጡ። ለእሷም በሲኒ ቀዱላት። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ሲኒው እንደሞላ ቀረ። ይሄን የትኛው ደረጃ ውስጥ ልክተተው?

አለቃዬ «ቃሉን አትንኪ፣ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማነጻጸር ያቅተናል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን ውሸት እየሰበሰብኩ መሰለኝ። መጠይቅ ተርጉማችሁ፣ መልሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጣችሁ የፈተሻችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። «ሆድ ይብስዎታል?» ወይም «ባይተዋርነት ይሰማዎታል?» ብል ያስኬዳል? ሰኞ ጠዋት ሁለት እናቶች ጋ ቀጠሮ አለኝ።