ጃካራንዳዬ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ፤ ልንቀለው ወይስ ልጠብቀው?

የሰንዳፋዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ሰንዳፋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ክረምት ላይ፣ ልጄ የተወለደች ሰሞን፣ አንድ የጃካራንዳ ችግኝ ግቢያችን ውስጥ ተከልኩ። አሁን ከቁመቴ አልፏል። ጥር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተራገፈ። ጫፉ ደግሞ ጠቁሮ እንደ ጭራሮ ቀጭ ይላል። ባለቤቴ «ደርቋል፣ ነቅለን ጽድ እንትከል» ይላል። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሱሉልታው፦
እህቴ፣ እንዳትነቅዪው! ጃካራንዳ በበጋ ቅጠሉን ማራገፉ ተፈጥሮው ነው። ጫፉን ያጠቆረው ግን ውርጭ ይመስለኛል። ዛፉ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ ካደገ በኋላ ብርዱን ይችለዋል፣ ለጋ ሳለ ግን ይጎዳል።

ግንዱን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ታች እየወረድሽ ሞክሪ። የእኔ በሁለተኛ ዓመቱ እስከ ጉልበቴ ድረስ ደርቆ ነበር። ሚያዝያ ላይ ከስር ሦስት ቀንበጥ አወጣ። ሁለቱን ቆርጬ ቀጥ ያለውን አስቀረሁ። ዛሬ ከጣሪያዬ በላይ ነው፣ ሲያብብ ግቢው በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል። ስለዚህ መቀስ ለማንሳት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ የት እንደሚያቆጠቁጥ እዪ። ለከርሞ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ ጆንያ አልብሺው፣ ጠዋት አውልቂለት።

ችግኝ ወዳድ፦
አፈርሽ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ አፈር) ነው? ከሆነ ከውርጩ ይልቅ የክረምቱ ውሃ ያሳስበኛል። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርጊለት፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይም ቅደጂ። ከቤቱና ከሴፕቲክ ታንኩም ራቅ ያለ መሆኑን አረጋግጪ፤ ይህ ዛፍ 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ሌላ ዛፍ መጨመር ካማረሽ ኮርች ትከዪ። የአገራችን ዛፍ ነው፣ ደጋውን ለምዶታል። ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ብትተክዪው ይጸድቃል። እሱም ቅጠሉን አራግፎ ነው ቀይ አበባውን የሚያወጣው።

የሰንዳፋዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ወጥቼ ጫርኩት። ጫፉ ደረቅ ነው። ደረቴ ጋ ስደርስ ቡናማ፣ ወገቤ ጋ ግን አረንጓዴ፣ ጥፍሬንም አረጠበው! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። ዶማውን መልሶ አስቀምጧል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ቦዩን ቅዳሜ አብረን እንቆፍራለን።